በደለል ላይ የተዘራ ሽምብራ

ቤታችን ከመካነ ሰላም ግማሽ ቀን ቁልቁል ተወርዶ በሽሎ ወንዝ ዳር ነበር። ከደጋው የምትወርድ አንዲት ትንሽ ወንዝ እዚያ ከበሽሎ ትገናኛለች። የምትገናኝበትን ቦታ አፏ እንለዋለን፤ አፏ ላይ የተከመረው ጥቁር ደለል ነው እርሻችን። ክረምት ላይ በሽሎ ሲሞላ ትንሿን ወንዝ ደረቷን ይዞ ያቆማታል። መሄጃ ስታጣ ትተኛለች፤ ስትተኛ ከደጋ ያግበሰበሰችውን አፈር እዚያው ትጥለዋለች። መስከረም ላይ ውኃው ሲሸሽ እርጥቡ መሬት ብቅ ይላል። ሽምብራ እንዘራበታለን፤ ዝናብ ሳይነካው በራሱ እርጥበት ያፈራል።

ካደግኩ በኋላ ከመጽሐፍ እንዳገኘሁት፣ ትላልቅ ወንዞችም ባሕር ሲደርሱ እንዲሁ ናቸው። ባሕሩ ሲገፋቸው ይጥላሉ፤ ሲሸሽላቸው ደግሞ የጣሉትን መልሰው ይወስዳሉ። መውሰዱን እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ንጉሡ የወረዱበት መስከረም ነበር። ረሃቡ በሬዎቻችንን ጨርሷል፤ ቤት ውስጥ የቀረን አንድ ቁና ሽምብራ ነው። እንብላው ወይስ እንዝራው? እናቴ ቁናውን ስታነሳ ስታስቀምጥ ሦስት ቀን ከረመች። በአራተኛው ዘራነው።

አባቴ የደጋ ሰው ነው፤ እናቴን አግብቶ ነው ቆላ የወረደው። ደጋ ላይ አፈር የሚድነው በድንጋይ ነው፤ ካብ ያላበጀ ገበሬ ሰነፍ ይባላል። እሱም ሽምብራው ብቅ እንዳለ ከማሳው በላይ ለወንዟ የድንጋይ ክትር ካበላት። ከጎረቤት ለልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ዕድሜያቸውን እዚያው ውኃ ዳር የጨረሱ ሽማግሌ ነበሩ። መጥተው ክትሩን በዘንጋቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ በሽሎ አሁን ጎድሏል። ይቺ ወንዝ ድንገት ብትሞላ ማን ያቆማታል? ቁልቁል ነው የምትሮጠው። ድንጋይህ ወደ ጎን ይመልሳትና ማሳህን ከሥሩ ትገምሰዋለች። ይልቅ በመኻል ቦይ ቁረጥላት።»

«አባባ፣ የዘራሁትን በገዛ እጄ ልንቀለው?»

«የቦዩን ያህል ብቻ።»

«በዚህ ዘመን የምን ብቻ አለ?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ከተማ መሬት ላራሹ እያሉ ነው አሉ። የኛን የሚያርሰው ውኃው ነው፤ ለሱ ይስጡልን እንግዲህ!»

አባቴ ሌላ ድንጋይ አንስቶ ክትሩ ላይ ደረበ።

ጥር ገባ። ሽምብራው ፍሬ ቋጥሯል፤ ሁለት ሳምንት ቢቆይልን ይደርሳል። ደጋው ግን በዚያው ሰሞን የበልግ ዝናብ ካላገኘ ገብስ አይዘራም፤ ያለፈው ዓመት ረሃብ ይደገማል። ደጋ ከዘነበ ደግሞ ጎርፉ የሚወርደው እኛ ማሳ ላይ ነው። ዱዓ ተጠራ። እስላሙም ክርስቲያኑም ወጣ፤ እኔና እናቴም አቀበቱን ወጣን። የአባቴ እናትና ወንድሞቹ እዚያ ናቸው፤ መቅረት ነውር ነው።

«ያረቢ፣ ዝናቡን አውርድልን!»

«አሚን!»

«የልጆቹን ጉሮሮ አርጥብልን!»

«አሚን!»

እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። ከንፈሯ ተንቀሳቅሷል።

«እማዬ፣ አሚን አልሽ?»

ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ «ታዲያ አያትሽ በረሃብ ትሙት ልበል?» አለችኝ። ትንሽ ሄድ ብላ ደግሞ፣ «ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሠን አልኩት፣ በሆዴ» አለች።

ከዚያ በኋላ ሰማይ ሰማዩን ከማየት በቀር ሥራ አልነበረንም። በአራተኛው ቀን፣ እኛ ጋ ፀሐዩ እንደ እሳት እየፈጀን፣ ደጋው ጠቆረ። አንዲት ጠብታ ሳትወርድብን የረጠበ አፈር ሸተተን።

ሽማግሌው ሽርጣቸውን ሰብስበው እየሮጡ መጡ። «ክትሩን! ኧረ ክትሩን አፍርሱት!»

አባቴ ክትሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እናቴ ዶማዋን ይዛ ማሳው መኻል ገባች። በረሃብ ያልነካናትን ሽምብራ እየነቀለች ወደ ጎን ትወረውራለች፤ የተነቀለበትን ትቆፍራለች።

«አንቺ ሴት፣ አበድሽ?»

«አብጃለሁ! ድንጋይህን አንሳልኝ!»

ለአፍታ አያት። ከዚያ ዘሎ ወረደና ያንን ሁሉ ቀን የካበውን ድንጋይ ይንደው ጀመር። ሽማግሌውም አብረውት ያንከባልላሉ፤ እኔ በእጄ ጭቃ እዝቃለሁ። ቦዩ ጉልበት ሲደርስ ከላይ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ። ሮጠን ዳገቱ ላይ ወጣን።

ውኃው ግንድ ይዞ ደረሰ። ያልፈረሰው የክትሩ ጫፍ ወደ ግራ መለሰው፤ የግራው ማሳ ከነሽምብራው እንደ ቂጣ እየተቆረሰ ገባ። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች። ሁላችንም ቦዩን ነበር የምናየው። ውኃው መጀመሪያ በቀጭኑ ገባበት፤ ከዚያ አሰፋው፤ ከዚያ ጠቅልሎ በሱ በኩል ወደ በሽሎ ወረደ። የቀኙ ማሳ ቆሞ ቀረ። ከጠቅላላው ሲሶ ቢሆን ነው።

ውኃው ሌሊቱን በቦዩ ሲወርድ አደረ፤ በማግስቱም ደጋው እንደጠቆረ ነበር። እስኪደርቅ አንጠብቅም ብለን ጠዋቱን በእሸቱ መንቀል ጀመርን። ግማሹን ሳንነቅል የአባቴ ወንድም በቁልቁለቱ እየሮጠ ብቅ አለ። ገና ከሩቅ ነበር የሚጮኸው።

«ዘነበልን! ሌሊቱን ሁሉ ዘነበ! እንኳን ደስ ያላችሁ!»

አባቴ እስከ ጭኑ ጭቃ ለብሶ፣ ሽምብራውን በሁለት እጁ እንዳቀፈ ቀና አለ።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን!» ብሎ ጮኸለት። «ና፣ ቶሎ ውረድና አብረኸን ንቀል!»