ያልተጫነው ከሰል

ልጄ ከዓረብ አገር ተመልሳ ደብረ ታቦር እንደገባች፣ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ከአጠገብዎ አልርቅም» አለችኝ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነበርና እንደ ሕፃን ፈነደቅሁ። ሥራ ግን ፈልጋ ፈልጋ አጣች።

ያለን ሀብት በጋፋት በኩል ያለችው የባሕር ዛፍ መሬታችን ናት። «ከሰል እናክስልና ባሕር ዳር ወስደን እንሽጥ» አለች። «ካዋጣን እዚሁ እቀራለሁ፤ ካላዋጣን ግን...»

አላስጨረስኳትም። «ያዋጣል!» አልኳት። ምን አውቄ!

ጉድጓድ ቆፈርን፣ ግንዱን ደርድረን በቅጠልና በአፈር ደፈንነው፣ እሳቱ እንዳይነድብን ተራ በተራ ጠበቅነው። ፊቷ ጠቁሮ ጥርሷ ብቻ ሲታይ «አሁን ገና የእኔን ልጅ መሰልሽ» እያልኩ አበሽቃታለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ጭነት የሚከፈለው በጆንያ ነው። እሷ ደግሞ ብልጥ ናት፤ በአንድ ጆንያ ዋጋ ብዙ እንዲሄድልን አፉን በእንጨትና በሣር ከፍ አድርጋ ቆልላ ሰፋችው። የአይሱዙው ሹፌር መጥቶ ዙሪያውን ዞረና ሳቀ።

«ኧረ እህቴ፣ ይሄ ጆንያ ነው ጎጆ? አንዱን እንደ ሁለት ነው የምቆጥረው።»

«አንተ ሰውዬ፣ በቁማችን ልትገፈን ነው እንዴ!» ብዬ ጮኽኩበት።

«አባቴ፣ የነዳጁን ዋጋ የጨመርኩት እኔ አይደለሁም። የሐሙሲት ከሰል ለባሕር ዳር ቅርብ ነው፤ በርካሽ ይገባል። የእርስዎ ከሰል ጥሩ ነው፣ መንገድዎ ነው የረዘመ።»

«ባቡር ይመጣል ሲባል ነበር» አልኩ።

«እንግዲያ ይጠብቁት!»

ልጄ በጣቶቿ አሰላች። የጭነቱን ክፍያ ስታነሳለት ለእኛ የሚተርፍ የለም። «ይቅር» አለችው።

ሹፌሩም አዘነላት መሰለኝ። «ነገ ጠዋት ባዶዬን ነው የምወርድ፤ ጋቢና ቦታ አለ። ሰው ከሆነ አላስከፍልም» አለ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር።

ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ለመንኳት፣ አለቀስኩም፤ ምን ያሳፍራል? ጉልበቴን ስማ መኪናው ላይ ወጣች። ከሰሉ በደጃፌ እንደተቆለለ ቀረ።

ዘንድሮ ክረምቱ ከፍቷል፤ ጉሙ ደጃፌ ላይ ይውላል። ተመልሳ ከሄደችበት ከዓረብ አገር ትደውልልኛለች፤ ከጤናዬ ቀጥላ የምትጠይቀኝ «አባዬ፣ ከሰሉ አለቀ?» ብላ ነው።

«ገና ነው» እላታለሁ። ከዚያ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ጭሱ፣ ስለዚያ ሹፌር እናወራለን፣ እንስቃለን። ስልኩ ሲዘጋ ጋቢዬን ደርቤ ብርዱን እችላለሁ እንጂ ምድጃዬን አልሞላም። ከሰሉ ካለቀ ምን ብላ እንደምትጠይቀኝ አላውቅም።