በአባቴ ስም፣ ከጣና ዳር እስከ ቢሾፍቱ

ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባሕር ዳር ከተከራየናት ቤት ወጣን፤ እኔና ባልደረባዬ። ለእኔ የመጨረሻዋ ሰኞ ነበረች። የሁለት ዓመት የሚስዮናዊነት አገልግሎቴ ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

ሰው ሞርሞኖች ይለናል። ነጭ ሸሚዝና ክራባት አድርገን፣ ሁለት ሁለት ሆነን ስንሄድ ያየን ሰው መጀመሪያ የባንክ ሠራተኞች እንመስለዋለን፤ ስለ እምነታችን መናገር ስንጀምር ነው የሚቸኩለው። ባሕር ዳር በነበርኩባቸው ዘጠኝ ወራት "ሌላ ቀን" የተባልኩትን ያህል በዕድሜዬ ሁሉ ተብዬ አላውቅም። ሰኞ ግን የእረፍት ቀናችን ነው። ልብስ እናጥባለን፣ አስቤዛ እንገዛለን፣ ቤተሰብ ጋ እንደውላለን። ያን ሰኞ ከአለቃችን በስልክ ልዩ ፈቃድ አግኝተን፣ ጋሽ እንድሪስን ለመሰናበት ወደ ዘጌ በኩል መጓዛችን ነበር።

ጋሽ እንድሪስ የሚባሉት ታንኳ ሠሪ ናቸው። ደንገል ከሐይቁ ዳር አጭደው፣ አድርቀው፣ እየጠቀለሉ በማሰር ከእንጨት ያልተሠራ ጀልባ ይሠራሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ያለ ክፍያ ሰው የመርዳት ግዴታ ስላለብን እሳቸውን እንረዳ ነበር። ሙስሊም ናቸው፤ ስለ ሃይማኖት አንድ ቀን አላወራንም። እውነቱን ለመናገር፣ በሳምንቱ ውስጥ ማንንም ማሳመን የማይጠበቅብኝ ሰዓት ያ ብቻ ስለነበር እንደ ዓመት በዓል እናፍቀው ነበር። ከሁለት ወር በፊት እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልጃቸው ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው።

ከጉዞው በፊት ግን አንባቢ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። አባቴ የሰንበቴ ማኅበር ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ሻንጣዬን ዘግቼ ከቤት ስወጣ በሩ ላይ በከዘራው ተደግፎ ቆሞ፣ "ከዛሬ ጀምሮ በስሜ እንዳትጠራ!" አለኝ።  እኔም ሻንጣዬን አንስቼ ሄድኩ።

ማሠልጠኛው ስደርስ ደረቴ ላይ የማደርገው ጥቁር ባጅ ሰጡኝ። የእኛ ሚስዮናዊ በራሱ ስም አይጠራም፤ በቤተሰብ ስም ነው። ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች አገር የቤተሰብ ስም የዘር ስም ነው፤ እኛ አገር ግን ከሰው ስም ቀጥሎ የሚመጣው አባቱ ነው። ስለዚህ ባጁ ላይ ናሆም የሚባል ሰው የለም። "ኤልደር ታደሰ" ይላል። ኤልደር ማለት ሽማግሌ ነው፤ እኔ ግን ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ጢሜም በቅጡ አልበቀለም። ታደሰ ደግሞ አባቴ ነው። እንዳልጠራበት በተከለከልኩት ስም ሁለት ዓመት ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ስጠራ ኖርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

በየሰኞው ስደውል እናቴ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች። አባቴ እዚያው ክፍል ይቀመጣል፤ አይናገርም፤ ይስላል። ከእሱ የማገኘው ሰላምታ ያ ሳል ነበር። ባለፈው ሰኞ እናቴ፣ "ጉልበቱ እኮ ተሽሎት ከዘራውን ጥሏል" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ቤት ስገባ ምን እንደምለው አላውቅም ነበር።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ወደቡ

ባጃጁ ለሁለታችን ስድሳ ብር አስከፍሎ ወደቡ በር ላይ ጣለን። ወደ ዘጌ የሚሄደው የሕዝብ ጀልባ በሳሙና ካርቶን፣ በዘይት ጀሪካንና በሰው ሞልቷል። በሰው መቶ ብር ከፍለን ገባን። ባልደረባዬ ኤልደር ቶሎሳ የነቀምት ልጅ ነው፤ አገልግሎቱን ከጀመረ ገና ሦስተኛ ወሩ ስለሆነ ደንብ በማክበር አንደኛ ነው። የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ከማንም ቀድሞ ለበሰ።

አጠገባችን የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት አየት አደረጉንና፣ "ዋና ትችላላችሁ ልጆቼ?" አሉን።

"እችል ነበር እማማ፤ በደንባችን ግን ውሃ ውስጥ መግባት አይፈቀድልንም" አልኳቸው።

"ጣና ዳር እየኖራችሁ?"

"ዘጠኝ ወር ሞላኝ፤ እግሬን እንኳ አልነከርኩም።"

"እኔስ ስልሳ ዓመት ኑሬ አልነከርሁም" አሉ፤ "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ደንብ ያወጡላችሁ ሰዎች አዋቂ ናቸው።" ስለ እምነታችን ደንብ ባሕር ዳር ላይ የሰማሁት የመጀመሪያው ሙገሳ ይህ ነበር። ቶሎሳ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ከባሕር ዳር ስንርቅ ውሃው ከቡናማ ወደ ግራጫ ተለወጠ። አንዳንድ ቦታ እንቦጭ አረንጓዴ ምንጣፍ ሠርቶ ስለተኛ ነጂው ዞሮ ማለፍ ነበረበት። ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዘን የዘጌ ዛፎች ታዩን።

ሦስት ሰዓት፣ ሁለቱ ታንኳዎች

ጋሽ እንድሪስ ያሉባት መንደር ከዘጌ ማዶ፣ ውሃው ወደ የብስ ገባ ካለበት ወዲያ ናት። በእግር ቢኬድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በታንኳ ግን ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። የልጃቸው ባል ጀማል ሊቀበለን መጥቶ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘነው። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ከእኛ በሦስት በአራት ዓመት ቢበልጥ ነው። ይዞ የመጣው አንድ ታንኳ ነበር።

"አንዱ ይግባ፤ እሱን አድርሸ ሌላውን እመለስበታለሁ" አለ።

ቶሎሳ አንገቱን ነቀነቀ። ሚስዮናዊ ከባልደረባው ዓይን አይርቅም። መታጠቢያ ቤት ካልሆነ በቀር ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ጀማል ነገሩን ስናስረዳው መቅዘፊያውን አስቀመጠ።

"እንዴ! ሌባ ናችሁ እንዴ፣ የምትጠባበቁት?"

"ደንብ ነው" አለ ቶሎሳ።

"እሱ እዚህ፣ አንተ እዚያ ማዶ ሁናችሁ እየተያያችሁ ብትቆሙስ?"

ቶሎሳ ማዶውን በዓይኑ ለካው። "አይታይም" አለ፤ የምሩን ነው። መናደድም መሳቅም አማረኝ። የመጨረሻ ሳምንቴ ነው፣ ማን ያየናል ብዬ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ከሦስት ወር በፊት ይህንኑ ደንብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። 

ጀማል ወደ አንድ ጎረቤቱ ጮኸ። ሁለተኛ ታንኳ መጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስጠግቶ ከፊትና ከኋላ በገመድ ጠፈራቸው። ቶሎሳን አንዱ ላይ፣ እኔን ከራሱ ጋር ሌላው ላይ አስቀምጦ መቅዘፍ ጀመረ። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ሱሪዬ ከታች እስከ ጉልበቴ ራሰ፤ ይህ ውሃ ውስጥ መግባት ይባል አይባል ቶሎሳን ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ዳር ላይ ዓሣ የሚበልቱ ሴቶች ቢላዋቸውን ትተው አዩን። አንዷ፣ "ጀማል! ሙሽሮች ይዘህ መጣህ?" ብላ ጮኸች፤ ሳቁ መንደሩ ድረስ ቀደመን።

አራት ሰዓት፣ ጋሽ እንድሪስ ደጃፍ

ጋሽ እንድሪስ ቁርበት ላይ ተቀምጠው ደንገል ይልጡ ነበር። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ሥራ አልተዉም። ሲያዩን፣ "መርሐባ! ታደሰ መጣህልኝ!" አሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ።

ልጃቸው ዘሃራ ቡናም ሻይም እንደማንጠጣ ታውቃለች። አባቷን ልትወስድ ባሕር ዳር መጥታ ይህን ስትሰማ "ታዲያ በምን ትነቃላችሁ?" ብላን ነበር። አሁን ሳንጠይቅ የዓሣ ሾርባ በሚጥሚጣ አቀረበችልን። እኔ ሦስት ሳህን ጠጣሁ።

ከምሳ በፊት የጀመሩትን ታንኳ አብረን ሠራን። ደንገሉ ሲታሰር በጉልበት ካልተጫኑት ይላላል፤ የታንኳ ሥራ ዋናው ነገር ጉልበት ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያቅተኝ እሱ ነበር። አሁንም ገመዱን ስስብ ላላብኝ፤ ጋሽ እንድሪስ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘርግተው፣ "ያ አላህ፣ የታደሰን ጉልበት አጽናልኝ! ዕድሜውን አርዝምልኝ!" አሉ። ሁላችንም አሚን አልን። ከባሕር ዳር ጀምሮ ሥራ በያዝኩ ቁጥር የሚሉት ይህንኑ ነው።

ልንነሳ ስንል በላስቲክ የተጠቀለለ የዓሣ ቋንጣ ሰጡኝ።

"ለአባትህ ነው። ሰላምታየን በስሙ ጠርተህ ንገርልኝ። ማን ነው ስሙ?"

"ታደሰ" አልኩ።

"እሱስ ያንተ ነው። የአባትህን ነው ያልሁህ።"

እንግዲህ ሌላ ስም ፈጥሬ ብነግራቸው ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ግን ሁለት ዓመት የደበቅኩት ነገር በራሱ ጊዜ ወጣ። ስሜ ናሆም መሆኑን፣ ታደሰ አባቴ መሆኑን፣ በር ላይ ያለኝን ቃል፣ ባጁን፣ ሳሉን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቶሎሳ አጠገቤ አፉን ከፍቶ ሰማኝ። አልጋችን በሚነካካ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ወር አብሮኝ ተኝቶ እሱም አላወቀም ነበር።

ጋሽ እንድሪስ የያዙትን ደንገል አስቀመጡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

"ወላሂ! ሰባት ወር ሙሉ ስመርቅ የኖርሁት አባትህን ነዋ! አንተስ ያላንዳች ምርቃት ቀርተህብኛል።" ዓይናቸውን ጠረጉና ኮስተር አሉ። "በስሙ ዙረህ አሰደብኸው?"

"እኔ እስከማውቀው አላሰደብኩትም።"

"ሰርቀህበታል? ዋሽተህበታል?"

"አይ።"

"እንግዲያ ምን አስፈራህ? ሂድና ንገረው። ስምህ ጣና ዳር ሲመረቅበት ከረመ በለው።" እጃቸውን እንደገና ዘረጉ። "ና ደግሞ፣ አሁን ናሆምን ልመርቅ።"

ስንመለስ ሁለቱ ታንኳዎች እንደታሰሩ ነበሩ። ቶሎሳ ከወዲያኛው ታንኳ ዞር ብሎ፣ "የእኔ ስም ገመቹ ነው" አለኝ። አውቃለሁ፤ የመመዝገቢያ ፎርሙ ላይ አይቼዋለሁ። ግን ከአፉ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። 

እሑድ፣ ቢሾፍቱ

ቅዳሜ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገባሁ። የዓሣው ሽታ ቀድሞኝ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ መንገዱን ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞሮ ሄደ። አለቃችን አመስግኖ ከአገልግሎቴ አሰናበተኝ፤ ባጁን ከሸሚዜ አውልቄ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እሑድ ከቃሊቲ ሚኒባስ ይዤ፣ መቶ ሃያ ብር ከፍዬ፣ ብቻዬን ቢሾፍቱ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ ወደ ጎኔ እየዞርኩ ቶሎሳን እፈልግ ነበር።

እናቴ በሩ ላይ እልል አለች፤ እንደ ሕፃን አገላብጣ ሳመችኝ። አባቴ ሳሎን ነበር። ያለ ከዘራ ተነሳ። ሦስቴ ጉንጬን ሳመኝና ተመልሶ ተቀመጠ። ሳለ።

ምግብ ቀርቦ እየበላን ሁሉን ነገርኩት። መጀመሪያ ባጁንና ቋንጣውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እንዳልጠራበት የነገረኝ ስም መሆኑን፣ ሌላ አማራጭ እንዳልነበረኝ፣ እንዳላሰደብኩት፣ ጋሽ እንድሪስም ሲመርቁበት እንደከረሙ ነገርኩት።  አባቴ መነጽሩን አድርጎ ባጁን አነሳ፤ በአውራ ጣቱ ፊደሉን ዳሰሰው።

"ሽማግሌው ምን ብለው ነበር የሚመርቁት ያልከኝ?"

"የታደሰን ጉልበት አጽናልኝ፣ ዕድሜውን አርዝምልኝ።"

"ጉልበት ነው ያሉት?"

"ጉልበት።"

እናቴን አያት፤ እሷም አየችው። "መቼ ነው ከዘራውን የተውከው?" አለችው።  የሚወስደው መድኃኒት ይሆናል የረዳው፤ እኔ ሌላ ነገር አልልም። ግን የአባቴ እጅ ጉልበቱ ላይ ሄዶ አረፈ፤ ቋንጣውንም ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።

አመሻሽ ላይ እናቴ ዳቦ ግዛ ብላ ላከችኝ። የግቢውን በር ከፈትኩና እግሬ እምቢ አለ። ሁለት ዓመት የለመድኩት ነገር ነው፤ ባልደረባዬ ጫማውን እስኪያስር እየጠበቅኩ ነበር። ቤት መግባቴን መርሳቴ ሲገባኝ በራሴ ሳቅሁ፤ ግን አሁንም አልተንቀሳቀስኩም። አንድ ሰው ካጠገቤ ሳይኖር መሄድ እንዴት እንደሆነ ጠፍቶብኛል። ከዚህ ሁሉ መንገድ የተማርኩት ይኸው ነው፤ ደንብ ሆኖ የጀመረኝ ነገር ሳላውቀው ፍላጎቴ ሆኗል።

ከኋላዬ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ነው፤ ኮቱን ደርቧል። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስለ ደንባችን ሳወራ እየሳለ ሁሉንም ይሰማ ነበር ለካ።

"ሁለት ካልሆናችሁ አትወጡም አይደል?" አለ፤ በሩንም ቀድሞኝ አለፈ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ።

"ምን ትጠብቃለህ? ና እንጂ፣ ኤልደር ታደሰ።"