«ሰጥቻለሁ» ያልኩ ቀን

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ፣ አላስረዝምባችሁም። በዚህ እድሜዬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ድራማ ልማር ገባሁላችሁ። የድሮ ኮሜዲ ስንለማመድ አስተማሪው ልጄን አልድርም የሚል ግትር አባት አደረገኝ። ይሄን ካልቻልኩ መጋረጃ ጎታች መሆኔ ነው። የገዛ ልጄ ደግሞ ልታየኝ መጥታ ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

ሽማግሌ ሆነው የሚጫወቱት ተማሪዎች ገብተው ልጅቷን ለመኑኝ። እኔ ሳቄ መጣ።

«አቦ ጋሼ፣ ተቆጣ እንጂ!» አለ አስተማሪው።

ልቆጣ ብድግ አልኩ። ግን በዚያ የድሬ ሙቀት ጋቢ ደርበው ላባቸው ሲንጠባጠብ አንጀቴን በሉት።

«በቃ፣ ሰጥቻለሁ! ውሰዷት!»

ተማሪው ሁሉ ሲንከተከት ልጄ ብቻ አልሳቀችም። ከወንበሯ ተነሳች።

«አባዬ፣ ታዲያ ባለፈው ለእኔ የመጡትን ሽማግሌዎች ለምን ከበር መለስካቸው?»