ወንዝ እንዳይሻገር

ጋን በግራዋ ሲታጠብ እኔ ቤት አልቀመጥም። ምራቶቼ ከሥራ ለመሸሽ ነው ይሉኛል። ይበሉ። ዛሬም ይኸው ዋርካው ሥር አገኘኸኝ። ያ መራራ ሽታ ገና ሲመጣብኝ እጄ ሁሉ ውሻ ውሻ ይሸተኛል። አንተ ስለጠየቅኸኝ ልንገርህ እንጂ ለነሱስ ነግሬያቸው አላውቅም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ የተቀመጠ ጊዜ ነው። እኛ ወደ ደምበጫ በሚወስደው በኩል፣ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቀን ነበር የምንኖረው፤ እናቴና እኔ ብቻ። አባቴን ቀድሞ በሽታ ወስዶታል። ጎረቤታችን ሚስትም ልጅም የሌለው ገበሬ ነበር። ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ሲገባ፣ ባንዳ እየመራ ያመጣቸው ወታደሮች ቤቱን አቃጠሉት። ከዚያ ቤት የተረፈ ነገር ቢኖር ውሻው መከታ ነው። እሱም ቢሆን የሚነድ ሣር ከጣሪያው ወርዶበት ጀርባው ተልጧል።

ሰውየው አንድ ማለዳ ተደብቆ መጣና ውሻውን ደጃችን ላይ አሰረው። እናቴ አልወደደችለትም። ለራሳችን የምንቀምሰው ባጣንበት ጊዜ፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ ቁስሉ የሚሸት ሽማግሌ ውሻ ምን ላድርገው አለችው። እሱ እሷን ተወና ወደ እኔ ዞረ።

«ልጄ፣ ሌላ የቀረኝ የለም። አደራሽን፣ ቁስሉን እያየሽለት» አለኝ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አደራ የሚሰጠው ለትልቅ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበርና ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ጧትና ማታ ግራዋ ቀቅዬ አጥበዋለሁ። መጀመሪያ ያጉረመርምብኝ ነበር፤ ኋላ ለብ ያለው ውሃ ሲነካው ዓይኑን ጨፍኖ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ ይጥል ጀመር። ቂጣ በውሃ እያራስኩ አጎርሰዋለሁ። ቁስሉ ግን ዛሬ ደረቀ ሲሉት ነገ ያዣል። ክረምት አልፎ በጋ ገባ፤ ያው ነው። የጋኑ ግራዋ ሽታ እዚህ ድረስ ይመጣል እንዴ? እስቲ ወደዚያ ጠጋ በል።

በመጨረሻ ቅጠልና ሥር የሚያውቁ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ሰው እያለቀ ለውሻ ነው የመጣሽው ብለው ሳቁብኝ። ደጃቸው ላይ ቆሜ ሳለቅስ አዘኑልኝ መሰል፣ የተወቀጠ ሥር በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ሰባት ቀን ነስንሺበት። እስኪያልቅ ወንዝ እንዳይሻገር። ከተሻገረ መድኃኒቱ ይረክሳል፤ ሁለተኛም አይሠራለትም» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን የቁስሉ ጠርዝ መሰብሰብ ጀመረ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርህ! በዚያው ቀን ወታደር እየመጣ ነው ተባለ። አገሬው ከብቱን እየነዳ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ዋሻ ወረደ። እኛም ያለችንን እህል ተሸክመን ተከተልን፤ መከታም እኔን ተከተለ። ወንዙ ጉልበት እንኳ አይደርስም ነበር። ዳሩ ላይ ስንደርስ የመሪጌታው ቃል ትዝ አለኝ። ሦስት ቀን ብቻ ነው የቀረው፣ እኛም ሲመሽ እንመለሳለን አልኩ በልቤ። ሮጬ መለስኩት። ጅብ እንዳይበላብኝ ቤት ውስጥ ምሰሶው ላይ በጠፍር አጥብቄ አሰርኩት፣ መድኃኒቱን ነሰነስኩለት፣ ውሃ በገበቴ አስቀመጥኩለት። እንደማይሰማ እያወቅሁ «እመጣለሁ» አልኩትና በሩን ዘጋሁ።

ስድስት ቀን ቆየን። ወታደሮቹ ከወንዙ በላይ ስለሰፈሩ ንቅንቅ የሚል አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ የመከታ ጩኸት ይሰማኝ ነበር። ልሂድ ብዬ ስነሣ እናቴ ቀሚሴን ጨብጣ አስቀረችኝ፤ ይህን ሁሉ ነፍስ በውሻ ልታስፈጂ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልፈርድባትም። በሦስተኛው ቀን ዝም አለ። ሰዉ ድምፁ ወታደር ይጠራብናል ብሎ ሰግቶ ነበርና ተመስገን አለ።

ወታደሮቹ በሌላ በኩል ሄዱ። ደጃችን እንኳ አልደረሱም። በሩ እኔ እንደዘጋሁት ነበር። ገበቴው ተገልብጧል። ጠፍሩ በምራቅ ርሶ ደርቋል፤ ሊቆርጠው ታግሎ ነበር፣ ምስኪን፣ በምን ጥርሱ! አፍንጫውን ወደ በሩ አድርጎ ተኝቷል። ጀርባውን ዳሰስኩት። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ይዟል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎረቤታችን ከጫካ ተመለሰ። ጸጉሩ ሸብቷል። አረፍ እንኳ ሳይል ስለ ውሻው ጠየቀ። እናቴ ቀደመችኝና አርጅቶ አልነበር፣ ቀኑ ደርሶ ሞተ አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ቁስሉስ? ድኖለት ነበር?»

«ድኖለት ነበር» አልኩት።

እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ አለኝና ጠፍሩን ያሰርኩበትን እጄን ስቦ ሳመው።