የማይንቀጠቀጥ ምስል ለእናቴ

የእህቴ ሠርግ አሥር ቀን ሲቀረው እናቴ አያት ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የአልጋ ቁራኛ ነበረች። ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው እጢ ቀና ባለች ቁጥር ያዞራታል፤ ደረጃ መውረድ የማይታሰብ ነው። ቪዲዮ እንኳ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ያስመልሳታል። የሽማግሌዎቹን ቀን በስልኬ ቀርጬ ባሳያት ደቂቃ አልቆየችም፣ ሳፋ አምጡ ተባለ። የሠርጉ ቪዲዮ ቀራጮች ደግሞ ከሁለት ወር በፊት አናደርስም አሉ። ሁለት ወር! ሐኪሙ ያን ያህል አልሰጠንም።

«ሌላው ይቅርብኝ» አለችኝ። «አባትህ ሲመርቃት ብቻ አሳየኝ።»

ጓደኛዬ ትንሽ ካሜራ አዋሰኝ። እሷም በእጅ ሲይዟት ትንቀጠቀጣለች፤ ማረጋጊያውን ከየት አባቴ ላምጣው? ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ገብቼ መካኒኩን ለመንኩት። ከአሮጌ ሳይክል እጀታ ቆርጦ ጫፉ ላይ ኩሽኔታ በየደልኝ። በኩሽኔታው ቀዳዳ ብረት አሳልፌ ከላይ ካሜራዋን አሰርኩ፣ ከታች ቡሎንና ዳዶ አንጠለጠልኩ፤ ከታች ከከበደ ከላይ አይወላገድም ብዬ። አንድ ዳዶ ስጨምር ወዲህ ታዘነብላለች፣ ስቀንስ ወዲያ። እቃዬን ይዤ የቦሌን የእግረኛ መንገድ እንደ እብድ ስመላለስ፣ ሰው ሲስቅብኝ፣ ዘጠኝ ቀን አለቀ። በመጨረሻ፣ በሠርጉ ዋዜማ፣ ቀጥ አለች።

በማግስቱ አትላስ አካባቢ ባለ አዳራሽ ውስጥ ከሙሽራዋ ፊት ፊት የኋሊት ስራመድ ዋልኩ። ቢዛባስ እያልኩ ዓይኔን ከዳዶዎቹ ላይ አልነቀልኩም። እህቴ የአባቴን ጉልበት ሳመች፣ ምርቃቱ ተጀመረ። «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲል አዳራሹ በሙሉ እጁን ዘርግቶ አሜን አለ። እኔም ዘረጋሁ። ሁለቱንም እጄን! ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሲመረቅ እጄን ሳልዘረጋ የቆምኩበት ቀን የለም። እቃው ወለሉ ላይ ተከሰከሰ፣ ካሜራዋ ተሰነጠቀች፣ ባትሪዋ ተፈናጥራ ወንበር ሥር ገባች። ኋላ የካሜራዋን ካርድ ኮምፒዩተር ላይ ስሰካው በመሃል የተቋረጠው የምርቃቱ ፋይል አልከፈት አለ።

አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ እናቴ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ትራስ ተደግፋ ትጠብቀኛለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እሺ፣ በአፍህ ንገረኝ» አለች። «ጉልበቱን ስትስም አለቀሰች?»

የቆምኩት ከእህቴ ሁለት ክንድ ርቄ ነበር፤ ያየሁት ግን ዳዶ ነው።

«አላውቅም፣ እማዬ» አልኳት።