በሁለት ጾም መካከል የተራቡ ጫጩቶች

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጠሙ። ከቤታችን ቆርቆሮ ሥር ደግሞ እርግቦች ጫጩት ፈልፍለዋል። ከትናንት ጀምሮ የሚመላለሰው አውራው ብቻ ነው፤ እናትየዋ የለችም። ጫጩቶቹ ሲጮኹ እጄ ሥራ እንቢ ይለኛል።

ልጃገረድ ሳለሁም ሁለቱ ጾሞች እንዲሁ የተገጣጠሙበት ዓመት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ሥራ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ ሲወጣ፣ "እርግቦቼን አደራ" ብሎን ሄደ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ፤ እርግቦቹም ጫጩት ፈለፈሉ። እናቴ ስሙን አታነሳም። ጠዋት ከሶላት ስትነሳ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ጫጩቶቹ እንዴት አደሩ?"

አንድ ቀን ጭልፊት እናት እርግቧን ከጣሪያው ላይ ነጥቆ ወሰዳት። አውራውም ጎጆውን ትቶ የመብራት ሽቦ ላይ ተቀምጦ ቀረ። እናቴ የዶሮ ጫጩት መስለዋት የማሾ ክክ በተነችላቸው፤ ዞር ብለውም አላዩት። እርግብ መልቀም የሚማረው ኋላ ነው፤ መጀመሪያ ምንቃሩን ወላጁ አፍ ውስጥ ሰዶ ከጎሮሮ የወጣለትን ነው የሚበላው። ማሾውን ፈጭቼ፣ በጥብጬ በጣቴ ባጎርሳቸው በአፍንጫቸው ወጣ። ካፈጠርን በኋላ አላምጬ በከንፈሬ ስሰጣቸው ግን ተስገብግበው በሉ። ጭንቁ ቀኑ ነበር። በጾም አፍ እህል ማላመጥ እናቴ ፊት የሚታሰብ አይደለም፤ የሸዋ ሮቢት ቀን ደግሞ በዚያ ሙቀት አልመሽ ይላል።

"እንግዲያው እነሱም ይጹሙ!" ብዬ ልቀልድ ብል የእናቴ ዓይን እንባ ሞላ።

"ያረቢ! የሰይድ አደራ እጄ ላይ ሊሞት ነው" አለች።

ያን ጊዜ እኔንም ፍርሃት ገባኝ። እነሱ ከሞቱ ወንድሜም የማይመለስ መሰለኝ።

ሰፈሩ ሁሉ ጾመኛ ነው። ክርስቲያኖቹም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። ቀን የምትበላ አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ ጎረቤታችን እትዬ ጽጌ አራስ ናት። እናቴ ጫጩቶቹን በሻሿ አቅፋ ገባች፤ ተከተልኳት። እትዬ ጽጌ ሕፃኗን እያጠባች ከገንፎዋ ቅቤ ያልነካውን ቆረሰች፤ አላምጣ ከንፈሯን አሞጠሞጠች። አንደኛው ጫጩት ምንቃሩን ሰደደ።

"እንዲህማ ከሆነ ክርስትና አነሳኋቸው እኮ፣ ዘሀራ!" አለች እየሳቀች።

"አንሺያቸው፤ ብቻ ይብሉልኝ" አለች እናቴ።

እስኪበሩ ድረስ ቀን ቀን እዚያው ዋሉ። ሰይድ ክረምቱ ሊገባ ሲል ከስቶ፣ ተጎሳቁሎ መጣ። እናቴ የት ነበርክ አላለችውም። "በልተሃል?" ነው ያለችው።

አሁን እኔም እናት ነኝ። የመጨረሻው ልጄ ባሕሩን እሻገራለሁ ብሎ በዚያው መንገድ ከወጣ ሰነባብቷል፤ ስልኩ አይሠራም። እናቴ የሰይድን ስም ለምን እንደማታነሳ የገባኝ ገና አሁን ነው፤ ካነሳችው እንባዋን የሚያቆምላት አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት የእትዬ ጽጌ ልጅ፣ ያን ጊዜ ጡት ይዛ የነበረችው፣ በአጥር ብቅ አለች።

"እትዬ ዘይነብ፣ ከልጅዎ ወሬ አለ?"

ቀና ብዬ ቆርቆሮውን አየሁ።

"ጫጩቶቹ በልተዋል" አልኳት።