ከቴምብር የማይበልጠው የኢፋ ፎቶ

በ2003 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የጸሎት ቤታችንን ደብዳቤ ላስጽፍ አምቦ፣ ኡርጌ ፎቶ ቤት ገብቼ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ኡርጌ ከሸነን የመጡትን የአደ ወርቅቱን ሟች ልጅ የኢፋን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ታሳድጋለች። ትንሽ ገፋ ስታደርገው የልጁ ዓይንና አፍ ተበታትኖ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። እናቱ አንገታቸውን ሳያሰግጉ ኡርጌ ብድግ ብላ ስክሪኑን በጀርባዋ ከለለችው።

"አዮ፣ ማሽኑ ዛሬ ደክሞታል። ሌላ ቀን ይምጡ እናቴ።"

"እንደኔው አርጅቷል በያ!" ሳቁ አደ ወርቅቱ። "የልጄ የኤቢሴ ሠርግ ግን ለጥር ነው። ወንድሟ ከግድግዳው ላይ ሆኖ ይያት እንጂ።"

"ያያታል፣ አዮ።"

ኡርጌን ኮምፒውተር ያስተማራት የለም። አንድ መሥሪያ ቤት የጣለውን የእንግሊዝኛ የኮምፒውተር መመሪያ አንስታ፣ ከእኔ በተዋሰችው መዝገበ ቃላት ቃል በቃል እየፈታች ነው የተማረችው። መዝገበ ቃላቴ እርሳስ በእርሳስ ሆኖ ተመለሰልኝ፤ እስከ ዛሬ አልደመሰስኩትም።

በዚያ ሰሞን ከ1991 ጀምሮ በፍሎፒ ዲስክ ያጠራቀመቻቸውን፣ ቢትማፕ የሚባሉ በነጠብጣብ የተሠሩ የድሮ ፎቶዎች ወደ ሌላ ዓይነት ፋይል ትለውጥ ነበር። አዲሱ ፋይል የአንድን ሰው ፊት በሦስት መጠን አብሮ ይይዛል፦ ለመታወቂያ፣ ለጠረጴዛ፣ ለግድግዳ። ማንም አላዘዛትም። ለቅሶ ላይ ደረት ላይ የሚያዝ ፎቶ ያጡ ሰዎች በሯን ሲያንኳኩ ስላየች ብቻ ነው።

አደ ወርቅቱ ሲወጡ ቁጭ አለች።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኦቦ ሌታ። ያኔ ሰው የሚፈልገው ጉርድ ፎቶ ነበር። አንድ ፍሎፒ ብዙ ሰው እንዲይዝልኝ ሁሉንም እንደ ቴምብር አሳንሼ ትልቁን አጠፋሁት። ከትልቁ ትንሹን ማውጣት ቀላል ነው። ከትንሹ ትልቁን ግን ከየት አመጣዋለሁ?"

"የታጠበው ወረቀቱስ?"

"የክረምት ጣራ ፍሳሽ በላው።"

"ማሽኑ ራሱ የጎደለውን አይሞላውም?"

"አለስልሶ ሞልቶልኝ ነበር። መልከ መልካም ልጅ ወጣ፤ ግን ኢፋ አይደለም። እናቱን በሌላ ሰው ልጅ አላታልልም።"

እንዲህ ያለ ልብ በሰፈራችን ስላስቀመጠ በሆዴ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ድንገት ቀና አለች።

"እሁድ ለአገልግሎት ሸነን ይሄዱ የለ?"

"እሄዳለሁ። ሰኞ ነው የምመለሰው።"

"ኢፋ የተማረው እዚያ ነው። የትምህርት ቤት ማኅደሩ ላይ የተለጠፈች ጉርድ ፎቶ አትጠፋም። ወረቀቷ ከተገኘች እኔ በትልቁ አነሳታለሁ፤ ሦስቱም መጠን ከእሷ ይወጣል። ርእሰ መምህሩን ያውቋቸዋል፤ ሰኞ ጠዋት ጎራ ብለው ይለምኑልኝ። ፎቶዋን እንዳይነቅሏት፣ ትቀደዳለች፤ ስካነሩን ተሸክሜ እኔው እመጣለሁ። ደግሞ እባክዎ ኦቦ ሌታ፣ እስክናገኛት ድረስ ለአዮ አይንገሯቸው።"